ሆዱ ሸክላ የሆነ ሶሌታ፦ ጎንደር ላይ ሲሚንቶ ቆጥቦ ወለል ለመሙላት

ጎንደር ላይ ጂ ፕላስ ዋን የሚሠራ ሰው ሁሉ እንቅልፍ የሚያጣባት አንዲት ሌሊት አለች። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ የሚሞላበት ዋዜማ ናት። ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ጣውላው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሚክሰሩ፣ ሁሉም ገንዘብ የሚጠይቀው በአንድ ጊዜ ነው። "ከዚህ ሁሉ የሚቀነስ ነገር የለም ወይ?" የሚለው ጥያቄም ያኔ ይመጣል።

አለ። ግን የሚቀነሰው ከላዩም ከፌሮውም አይደለም። ከሆዱ ነው።

ሶሌታ ሸክም ሲያርፍበት መሐሉ ላይ በትንሹ ይጎብጣል። ያን ጊዜ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፤ መሳብ ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ሥራ ፌሮው ይሠራል። በሁለቱ መሐል ያለው ኮንክሪት ላዩንና ፌሮውን ከማያያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። አብዛኛው ቁጭ ብሎ የሚበላ ነው። እኛ የምናደርገው ለማያያዝ የሚበቃውን ብቻ በቀጫጭን ሪቦች፣ እንደ ጎድን አጥንት በተደረደሩ የኮንክሪት መስመሮች መልክ ማስቀረት ነው። የቀረውን ቦታ ውስጡ ክፍት በሆነ ሸክላ እንይዘዋለን።

አዲስ ግኝት አይደለም። "ሶሌታ" እና "ፌሮ" የሚሉትን ቃላት የሰጡን ጣሊያኖች አገራቸው ላይ በሸክላና በኮንክሪት ወለል ሲሠሩ ኖረዋል። ቃሉን ወስደን ሸክላውን ትተነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞችም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ በሸክላው ፋንታ ብሎኬት፣ በቦታው በሚሞላው ሪብ ፋንታ ቀድሞ የተሠራ ቢም (ወለል የሚሸከም አግዳሚ) ገባ እንጂ።

መጀመሪያ፦ ለእናንተ ቤት ይሆናል?

ክፍላችሁ 3 በ3 ከሆነ ተዉት። ቀጭን ድፍን ሶሌታ ይበቃዋል። ለሸክላው የምታወጡት ገንዘብና ድካም ከቆጠባችሁት ሲሚንቶ ይበልጣል። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የሚሆነው።

አጭሩ ጎን ከ4 እስከ 6 ሜትር ሲሆን ነው የሚጣፍጠው። ሳሎን፣ ሰፊ መኝታ ቤት፣ የሱቅ ወለል።

ወደ ውጭ ለተንጠለጠለ በረንዳ አትጠቀሙበት። እዚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላዩ ይሳባል፣ ታቹ ይጨመቃል። ሸክላው ደግሞ ያለው በሚጨመቀው በኩል ነው። መታጠቢያ ቤትና ኩሽናም ድፍን ይሁኑ። ቧንቧ ይቀበርባቸዋል፣ አንድ ቀን ማፍሰሱም አይቀርም። ሸክላው ውስጥ የገባ ውኃ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወራት ይፈጅባችኋል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። ይህ ጽሑፍ የኢንጂነር ስሌት አይተካም። ፎቅ ነው የምትሠሩት፤ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማኅተም ያለው የስትራክቸር ድሮዊንግ ያስፈልጋል። ድፍን ሶሌታ ተብሎ የተሣለን ወለል ፎርማን ሳይት ላይ ቆሞ ወደ ሸክላ መቀየር የለበትም። ምክንያት አለው። አራቱም ጎኑ ቢም ላይ ያረፈ ድፍን ሶሌታ ሸክሙን ለአራቱም ያከፋፍላል። የእኛ ባለ ሪብ ሶሌታ ግን ሸክሙን የሚሰጠው በዋናነት ሪቦቹ ለሚያርፉባቸው ሁለት ቢሞች ነው። እነዚያ ሁለት ቢሞች ይህን አውቀው መሠራት አለባቸው። ስለዚህ ሐሳቡን ይዛችሁ ወደ ኢንጂነሩ የምትሄዱት ድሮዊንጉ ከመሠራቱ በፊት ነው።

አንድ ክፍል በቁጥር

4 በ5 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ሪቦቹ በአጭሩ በኩል፣ በ4 ሜትሩ ይሄዳሉ። ሸክላው 30 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 30 ሳ.ሜ. ርዝመትና 16 ሳ.ሜ. ቁመት አለው። በሁለት ረድፍ ሸክላ መሐል 12 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ሪብ ይቀራል። ከሸክላው በላይ 5 ሳ.ሜ. ኮንክሪት ይሞላል። ጠቅላላ ውፍረቱ 21 ሳ.ሜ. ነው።

በ5 ሜትሩ በኩል ስንደረድር 11 ረድፍ ሸክላና 12 ሪብ ይገባል። ይህ 4 ሜትር ከ74 ሳ.ሜ. ነው። 26 ሳ.ሜ. ይተርፋል። ያንን ለሁለት ከፍላችሁ ለዳርና ለዳር ሪቦች 13፣ 13 ጨምሩላቸው። ሸክላ እየሰበሩ ትርፉን ለመሙላት መሞከር ሞኝነት ነው፤ ዳሩ ቢወፍር አይጎዳም።

በ4 ሜትሩ በኩል ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ከቢሙ አጠገብ 15 ሳ.ሜ. ድፍን ይቅር። መሐል ላይ ሪቦቹን የሚያያይዝ 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው አንድ አግዳሚ ሪብ ይግባ። የቀረው 3 ሜትር ከ60 ነው፤ ልክ 12 ሸክላ፣ ስድስት ከዚህ፣ ስድስት ከዚያ። በጠቅላላው 132 ሸክላ። ለስባሪ አሥር በመቶ ጨምራችሁ 145 እዘዙ።

አሁን ኮንክሪቱን እንቁጠር። 21 ሳ.ሜ. ድፍን ቢሆን 4.2 ሜትር ኩብ ይፈጅ ነበር። 132ቱ ሸክላ 1.9 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። የሚቀረው 2.3 ነው። እዚያው ክፍል ላይ የተለመደው 15 ሳ.ሜ. ድፍን ሶሌታ ቢሞላ 3 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ስለዚህ ከተለመደው ጋር ስናወዳድር 0.7 ሜትር ኩብ ቆጠብን። በሲሚንቶ አምስት ከረጢት ገደማ ነው፤ ለአንድ ክፍል ማለት ነው።

ክብደቱን ግን አታጋንኑ። አንዱ ሸክላ 10 ኪሎ ገደማ ቢመዝን የእኛ ወለል 7.1 ቶን ይሆናል፣ 15 ሳ.ሜ. ድፍኑ 7.5 ቶን። "በግማሽ ቀለለ" የሚላችሁ ሰው ከ21 ሳ.ሜ. ድፍን ጋር ቢያወዳድርም እንኳ አበዛው። ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ውፍረቱ ስለጨመረ ፌሮው ከላይኛው ፊት ይርቃል። በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ለዚያው ሸክም የሚያስፈልገው ዋና ፌሮ በሩብ ገደማ ይቀንሳል። የፎርምወርክ ጣውላውም (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ከሥር የሚይዘው) ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ እንዴት እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

ብር በብር አልጻፍኩም። ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። እናንተ ግን አስሉት። በአንድ በኩል የ145 ሸክላ ዋጋ፣ የጭነትና የመደርደሪያ ጉልበት። በሌላ በኩል 0.7 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ የፌሮው ቅናሽ፣ ግማሽ ጣውላ። ሁለተኛው ካልበለጠ ወደ ድፍኑ ተመለሱ። እልህ አያስፈልግም።

ሸክላው

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

የጡብ ፋብሪካ ክፍት ሆድ ያለው ብሎክ አውጥቶ የሚሸጥላችሁ ከሆነ ተመስገን በሉና ልኩን ብቻ አረጋግጡ። ካልሆነ በእጅ ማሠራት ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ወለቃ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ፣ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት የነበረው፣ በሸክላው ስሙ የወጣ መንደር። ክብ ድስት የሚመስል ነገር ማዘዝ ፈልጌ ነበር። ተደፍቶ ፎርምወርኩ ላይ የሚቀመጥ። ሸክላ ሠሪዋ ሴትዮ ሥዕሌን አገላብጠው አዩትና፣ "ልጄ፣ ድስት ተደፍቶ ምን ይበላበታል?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ኮንክሪት ይፈስበታል" አልኳቸው።

ሳቁ። ግን አሥር ሠርተው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ስለካቸው የሴትዮዋ ጥያቄ ልክ ነበር። 28 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 14 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ድፍት ድስት የሚይዘው ቦታ 6 ሊትር እንኳ አይሞላም። አራት ማዕዘኑ ሸክላ 14.4 ሊትር ይይዛል። ክቡ በየጥጋጥጉ የሚያስቀረውን ቦታ ኮንክሪቱ ይበላዋል። ከታች ሲታይ ቆንጆ ነው፤ ሲሚንቶ ለመቆጠብ ግን አራት ማዕዘን ይሻላል። በነገራችን ላይ ከጣሪያ ላይ ሳይለሰን የሚታይ የድስት ረድፍ ለካፌ ወይም ለሎጅ ሸጋ ነገር ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው።

አራት ማዕዘኑ የሚሠራው በእንጨት ቅርጽ ነው። ከውጭ አንድ ሣጥን፣ ከውስጥ ሁለት ተንሸራታች እንጨት። እንጨቶቹ ሲወጡ ሁለት 12 በ12 ሳ.ሜ. የሆኑ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ዳርና መሐሉ እንዲሁም ላይና ታቹ 2 ሳ.ሜ. ውፍረት አለው።

ቅርጹ ከተፈለገው ልክ መብለጥ አለበት። ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ይሰበሰባል። ስንት እንደሚሰበሰብ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ስለዚህ አትገምቱ። እርጥብ ጭቃ ጠፍጥፉና ላዩ ላይ በቢላ ልክ 10 ሳ.ሜ. መስመር ጫሩበት። ይድረቅ፣ ይተኮስ። ከዚያ መስመሩን ለኩት። 9.2 ሆኖ ካገኛችሁት ስምንት በመቶ ተሰብስቧል ማለት ነው። እንግዲህ 30 ሳ.ሜ. ሸክላ ለማግኘት ቅርጹ 32.6 ይሆናል። ይህችን ሙከራ ዘለልኳት ያለ ሰው በ30 ቅርጽ መቶ ሸክላ አስተኩሶ ሁሉም 27.6 ሆኖ ይመጣለታል። ልፋቱ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

የማድረቁ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥላ ውስጥ፣ ቀስ እያለ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ። የመጋቢት ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ደግሞ አይደርቅም። የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው።

ሸክላው ሲመጣላችሁ አራት ነገር ሞክሩ።

በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። የተተኮሰ ሸክላ ይጮኻል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይ በደንብ አልበሰለም፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል።

አምስት ያህል መርጣችሁ ደረቁን መዝኑ። ሃያ አራት ሰዓት ውኃ ውስጥ ንከሩና እንደገና መዝኑ። 10 ኪሎ የነበረው ከ12 ኪሎ በላይ ከሆነ ውኃ መጣጭ ነው፤ የኮንክሪታችሁን ውኃ ይሰርቃል።

የተነከሩትን ለጥቂት ቀን አቆዩአቸው። ነጭ ነጠብጣብ ታይቶ ከዚያ ቦታ ላይ ቅርፊት ከተነሣ አፈሩ ውስጥ የኖራ ጠጠር ነበረበት። ያ አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ልስናችሁን ከውስጥ እየገፋ ያፈነዳዋል።

በመጨረሻ ሸክላውን በሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጡት፤ በግራም በቀኝም 5 ሳ.ሜ. ብቻ እንዲያርፍ አድርጉ። ላዩ ላይ ቁራጭ ጣውላ ጣሉበትና አንድ ጎልማሳ ይቁምበት። ከቻለ ጨርሷል። ሸክላው ቤቱ ካለቀ በኋላ ሸክም አይሸከምም፤ የሚሸከመው ሪቡና ላዩ ነው። ፈተናው የሙሌት ቀን የሠራተኛ እግርና እርጥብ ኮንክሪት ነው።

ፎርምወርክና ድርደራ

ድፍን ሶሌታ ከታች ሙሉ በሙሉ ጣውላ ይነጠፍለታል። እዚህ አያስፈልግም። በየሪቡ ሥር 22 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ ብቻ ይዘርጋ። ከመሐል እስከ መሐል 42 ሳ.ሜ. ይሁን። 12 ሳ.ሜ. ለሪቡ፣ 5፣ 5 ለግራና ቀኝ ሸክላ ማረፊያ። በጣውላና ጣውላ መሐል ያለው 20 ሳ.ሜ. ክፍት ነው። ሸክላው ራሱ ፎርምወርክ ሆነ። ከቢሞቹ አጠገብ ያሉት ድፍን ቦታዎችና የአግዳሚው ሪብ ሥር ግን ሙሉ ጣውላ ይፈልጋሉ።

ጣውላውን ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) ይሸከመዋል፣ ሞራሌውን የባሕር ዛፍ ድጋፍ። ድጋፎቹ በየ1 ሜትሩ ይቁሙ። ከሥራቸው ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። ዋልካ አፈር ላይ በቀጥታ የቆመ አጣና ሌሊት ዝናብ ካገኘው ጠዋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ታገኙታላችሁ። ሽብልቁን ሁለት ሁለት አድርጉ፤ ለማጥበቅም፣ በኋላ ቀስ ብሎ ለማውረድም ይመቻል። መሐሉን 1 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጉት። ድጋፉ ሲነሣ ወደ ልኩ ይመጣል።

ሲባጎ ወጥራችሁ ደርድሩ። የሸክላው ቀዳዳ በሪቡ አቅጣጫ ይሁን፤ አንዱ ከአንዱ ጋር አፍ ለአፍ ይገጥማል። የመገጣጠሚያውን ስንጥቅ በቀጭን የሲሚንቶ ቡኮ ድፈኑት። የረድፉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ በአግዳሚው ሪብ በኩል ያለውም ጭምር፣ መዘጋት አለበት። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጨማዳችሁ ወትፉትና ላዩን በቡኮ ለስኑት። ካልተዘጋ የቆጠባችሁት ኮንክሪት ሸክላው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ማንም አያየውም፣ ሒሳቡ ግን አይዘጋም።

ፌሮ

ለየሪቡ ከታች ሁለት ዋና ፌሮ ይገባል። ለ4 ሜትር፣ ለመኖሪያ ቤት፣ ሁለት የ10 ሚሊ ወይም አንድ የ10ና አንድ የ12 ሚሊ የሚወጣበት ስሌት የተለመደ ነው። የእናንተን ኢንጂነራችሁ ይወስናል። እሱ የወሰነውን ፎርማኑ "ለጥንቃቄ" ብሎ ሁሉንም ወደ 12 እንዳያሳድገው። ያን ጊዜ የፌሮው ቁጠባ እንዳለ ይጠፋል፤ ሸክላውን የደረደራችሁት ለጨዋታ ሆነ ማለት ነው። መቀነስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ስታፋው (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት) የ6 ነው። ከታች 2.5 ሳ.ሜ. የኮንክሪት ሽፋን እንዲኖረው ስፔሰር (ፌሮውን ከጣውላው ከፍ አድርጎ የሚይዝ) አስገቡ። ጠጠር ወይም ቁራጭ ሸክላ ስፔሰር አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት በሲሚንቶ ቡኮ ትንንሽ ኩብ አዘጋጁ፣ ማሰሪያ ሽቦ ሰክታችሁባቸው።

የሪቡ ፌሮ ጫፍ ከቢሙ የታች ፌሮ በላይ አልፎ ይግባ። ቢሙን አልፎ ወደ ሌላ ክፍል የሚቀጥል ወለል ከሆነ ከቢሙ በላይ የላይ ፌሮ ያስፈልጋል፤ በተለምዶ ወደ ሁለቱም ክፍሎች የክፍሉን ርዝመት ሩብ ያህል፣ በእኛ 1 ሜትር ይገባል። ይህን የረሳ ሰው ከዓመት በኋላ ከቢሙ ትይዩ ንጣፉ ላይ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ያገኛል።

ከሸክላው በላይ የ6 ፌሮ በየ20 ሳ.ሜ. በሁለቱም አቅጣጫ መረብ ተደርጎ ይታሰር። መረቡ ሸክላው ላይ እንዳይተኛ ከፍ ይበል።

ከላይ በሪቡ አቅጣጫ ግድግዳ የሚቆም ከሆነ ሥሩ አንድ ሸክላ ረድፍ አውጡና ወፍራም ሪብ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ቱቦ ከ16 ሚሊ አይብለጥ፤ በአንድ ንብር ይሂድ፣ ቱቦ በቱቦ ላይ አይደራረብ። 5 ሳ.ሜ. ውስጥ ብዙ ቦታ የለም። ሪብ ውስጥ በርዝመቱ ቱቦ አታስኬዱ።

የሙሌት ቀን

ቀኑን ስትቆርጡ ካሌንደር እዩ። ሚካኤል፣ ገብርኤል ወይም ማርያም ላይ ከወደቀ ግንበኛችሁ አይመጣም። የጥምቀት ሰሞንማ ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ነው፤ ከጥር 9 እስከ 13 ባሬላ የሚይዝ ሰው አታገኙም። ክረምቱም አይመከርም።

ውኃውን ቀድማችሁ አከማቹ። ጎንደር ውስጥ "ነገ ጠዋት ቧንቧ ይመጣል" ብሎ ኮንክሪት የሚያዝ ሰው የከተማው ሰው አይደለም። ሮቶው ከዋዜማው ይሙላ።

ዋዜማውን ማታ ሸክላውን በደንብ አርሱት። ጠዋትም ድገሙት። ከመሙላታችሁ በፊት ሸክላው ጠግቦ ላዩ ግን ውኃ ያላቆረ መሆን አለበት። ይህን በዓይኔ ያየሁት በአንድ የዘመዴ ሳይት ላይ ነው። ግማሹን ወለል አርሰን ግማሹን ሰዓት ስለሄደ ተውነው። በሦስተኛው ቀን ያልራሰው ግማሽ ላይ የሸክላው ቅርጽ እያንዳንዱ በስንጥቅ ተሥሎ ወጣ፤ ቼዝ ሰሌዳ መሰለ። ደረቁ ሸክላ ከላዩ ያለውን ቀጭን ኮንክሪት ውኃ መጦት ነበር። የራሰው ግማሽ ላይ ምንም የለም።

ድብልቁ ሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) ከሆነ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። መለኪያ ሣጥኑን 50 በ40 በ17.5 ሳ.ሜ. አሠሩት፤ 35 ሊትር፣ ልክ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ይይዛል። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ጠጠሩ ከ2 ሳ.ሜ. አይብለጥ፤ ትልቁ ሪብ ውስጥ ከፌሮው ጋር ይጣበቃል። ውኃው ለከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይቀንስ። "ትንሽ ውኃ ጨምርበት፣ እንዲፈስ" የሚል ድምፅ በየሰዓቱ ትሰማላችሁ። እምቢ በሉ።

ሠራተኛው ሸክላው ላይ አይሂድ። ሪቦቹን አቋርጦ የተዘረጋ ጣውላ ላይ ይሂድ። ባሬላው ከከፍታ አይደፋ፤ አንድ ሸክላ ከተሰበረ ቆም ብላችሁ ቀይሩት። በስባሪው ላይ መሙላት ቀዳዳ ማብላት ነው።

መጀመሪያ ሪቦቹን ሙሉ። በቀጭን ቫይብሬተር አጥብቁ፣ ራሱ ግን ሸክላውን አይንካ። ቫይብሬተር ከሌለ በባለ 16 ሚሊ ፌሮ ውጉት፣ ጣውላውንም ከታች በመዶሻ አንኳኩ። ሪቡ ገና እርጥብ እያለ የላዩን 5 ሳ.ሜ. ቀጥሉ። ሪቡን ዛሬ፣ ላዩን ነገ ማለት የለም። ሁለቱ አንድ አካል ካልሆኑ የተቆጠረው ጉልበት ሁሉ ውሸት ነው። ውፍረቱን በየቦታው 5 ሳ.ሜ. ላይ ምልክት ባለው የፌሮ ቁራጭ እየወጋችሁ አረጋግጡ። ሦስት ሳ.ሜ. ሆኖ ያገኛችሁበት ቦታ ላይ ወዲያው ጨምሩ።

ጠላው ከሙሌቱ በኋላ ይሁን። በፊት ከሆነ ሣጥን የሚቆጥር ሰው አይኖርም።

ማጠጣትና ድጋፍ ማንሣት

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቀን ፀሐዩና ነፋሱ ቀጭን ኮንክሪት ቶሎ ያደርቃል። ላዩ እጅ ሲያስቆም ጆንያ አልብሱት፣ ጆንያውም ሳይደርቅ ይቆይ። ሰባት ቀን ትንሹ ነው፤ ዐሥራ አራት ብታደርጉት ጥሩ። ጠዋትና ማታ ብቻ አጠጥቶ መሄድ ማጠጣት አይባልም። ቀትር ላይ ሄዳችሁ በእጃችሁ ጆንያውን ዳብሱት።

ድጋፉን 21 ቀን አትንኩት። ሲነሣ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ቢሞቹ ይኬዳል። ከዳር የተጀመረ እንደሆነ ወለሉ ባልታሰበበት መንገድ ይጎብጣል። ሽብልቁን በትንሽ በትንሹ አላሉት እንጂ በመዶሻ አትግመጡት።

ከታች ያለው ልስን

ሸክላና ኮንክሪት ውኃ የሚመጡት እኩል አይደለም። በቀጥታ ከለሰናችሁት ሪቦቹ ከልስኑ ሥር እንደ ጎድን አጥንት ይታያሉ። መጀመሪያ ጣሪያውን አርሱት፣ ከዚያ ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ርጭት ይረጭበትና አንድ ቀን ይደር። ልስኑ ከዚያ በኋላ ነው። ኮርኒስ የምትመቱ ከሆነ ልስኑንም መተው ትችላላችሁ።

ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ሪቦቹ የት እንደሆኑ ገና በዓይን ይታያሉ። ግድግዳው ላይ ከጣሪያው ሥር በእያንዳንዱ ሪብ ትይዩ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ርቀቱን ከጥግ እየለካችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። በስልክም ፎቶ አንሡት። መብራትም ሆነ የኮርኒስ ማንጠልጠያ የሚበሳው ሪቡ ላይ ነው እንጂ ሸክላው ላይ አይደለም። ሸክላው ሁለት ሳ.ሜ. ግድግዳ ነው፤ ፊሸሩ (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይሽከረከርበታል፣ ከባድ መብራት ከሆነ ደግሞ ይዞት ይወርዳል። ወረቀቱን ከቤቱ ካርታና ከድሮዊንጉ ጋር አስቀምጡት። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤቱን የሚከራየው ሰው ድሪል ይዞ ወንበር ላይ ሲወጣ ትፈልጉታላችሁ።